ጠይቀው የሠሯት አውሮፕላን

ጥቅምት ሲገባ በምዕራብ ሐረርጌ፣ በሚኤሶና በአሰቦት ቆላ የማሽላው ራስ ይከብዳል፤ ገበሬው ግን እፎይ አይልም። ማሳው መሃል ማማ ተተክሎ፣ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት ይጠብቃሉ፤ ቆርቆሮ ይደበደባል፤ ጅራፍ ይጮኻል። ጠላቱ ሁለት ነው። አንደኛዋ ግሪሳ ናት፤ ክብደቷ 20 ግራም ቢሆን ነው፣ በቀን ግን የክብደቷን ግማሽ ያህል እህል ትጨርሳለች፤ ደግሞም የምትወርደው በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች ሆና ነው። ሁለተኛው የበረሃ አንበጣ ነው። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍን መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይገኛል፤ ይህ መንጋ በአንድ ቀን የሚበላው ለ35 ሺህ ሰው ቀለብ ይበቃል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ምሥራቅም ምዕራብም ሐረርጌ ይህን በዓይናቸው አይተዋል።

የማማና የወንጭፍ ጥበብ አንድ ማሳ ያድናል። መንጋው ግን ወረዳ ያቋርጣል፤ ከአፋር ሜዳ ተነስቶ በማግስቱ ጨርጨር ተራሮች ሥር ሊያድር ይችላል። በሰማይ የሚመጣን ጠላት በሰማይ መግጠም ግድ ነው። ለዚህም ሲባል በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተቋቋመ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ድሬዳዋም ጣቢያ ከነበሩት ከተሞች አንዷ ናት። ድርጅቱ ከአንበጣ ሌላ ግሪሳንና ተምችን ይከላከላል። ለአሥርት ዓመታት በዚህ ሥራ ላይ ካሰማራቸው አውሮፕላኖች መካከል የካናዳዋ ዲ ኤች ሲ 2 ቢቨር ትገኝበታለች።

ቢቨርን በሩቁ ያየ ሰው ሊደነቅባት አይቸኩልም። አፍንጫዋ ደንዳና ነው፤ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቱ አይለወጥም፤ ጅራቷ መሬት ላይ ሲሆን በአንዲት ትንሽ ጎማ ላይ ይቀመጣል። ቀርበው ሲያዩአት ግን ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዱ ብረቷ፣ እያንዳንዱ ክዳኗና እጀታዋ የአንድን ሰው ችግር ለማቃለል ታስቦ የተቀመጠ ነው። እኔ የሙያ ጥራት የምለው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነው። ቶሮንቶ አጠገብ ዳውንስቪው የሚገኘው የደ ሃቪላንድ ካናዳ ፋብሪካ በጦርነቱ ዘመን ሞስኪቶ የተባሉ የጦር አውሮፕላኖችን ሲያመርት ቆይቶ፣ ሰላም ሲሆን ትእዛዙ ነጠፈ። ፋብሪካው አዲስ ሥራ መፈለግ ነበረበት። የሽያጭ ኃላፊው ፓንች ዲኪንስ ራሱ በሰሜን ካናዳ ጫካና ሐይቅ ላይ ሲበር የኖረ ስመ ጥር አብራሪ ነበር። ስለዚህ ንድፍ ከመነደፉ በፊት መሰሎቹን አብራሪዎች ጠየቀ፦ ምን ዓይነት አውሮፕላን ትፈልጋላችሁ?

መልሱ የቢሮ ሰው የሚያስበው ዓይነት አልነበረም። ጉልበት ይኑራት፤ በአጭር መሬት ትነሣ፤ በጎማም፣ በውሃ ላይ መንሳፈፊያም፣ በበረዶ ላይ መንሸራተቻም ትሥራ፤ እንጨትና ጨርቅ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ብረት ትሁን፤ በሯ በግራም በቀኝም ይከፈት፤ የነዳጅ በርሜል እንዳለ ተንከባሎ ይግባባት። ይህን መልስ ይዘው ሥራውን የተካፈሉት ፍሬድ ቡለር፣ ዲክ ሂስኮክስና ከፖላንድ የመጣው ያኪሚዩክ ናቸው። አውሮፕላኗ ነሐሴ 10 ቀን 1939 ዓ.ም. በሙከራ አብራሪው ረስ ባኖክ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣች።

ከክንፏ ልጀምር። ከጫፍ እስከ ጫፍ 14.6 ሜትር ይረዝማል፤ በየጎኑ አንድ አንድ ሰያፍ ድጋፍ ብቻ ይዞታል። ወርዱ ከሥሩ እስከ ጫፉ እኩል በመሆኑ ውስጡ ያሉት የክንፍ አጥንቶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ይህ ለፋብሪካው ሥራ ያቀላል፤ ለጠጋኙም እንዲሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ለአብራሪው ነው። ማንኛውም ክንፍ ፍጥነቱ ከልክ በታች ሲወርድ አየሩን መያዝ ያቅተዋል። ወርዱ እኩል የሆነ ክንፍ ግን መጀመሪያ የሚደክመው ከሥሩ፣ ከአካሉ አጠገብ ነው፤ ጫፉ ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ገና ይሠራሉ። አብራሪው ክንፉ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል፤ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ ለመመለስም ጊዜ ያገኛል። በማሽላ ማሳ ጫፍ ላይ፣ ከዛፍ አናት ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ዞሮ ለሚመለስ አብራሪ ይህች ማስጠንቀቂያ ሕይወት ናት።

ፍላፕ የሚባለው የክንፉ የኋላ ጠርዝ ደግሞ ወደ ታች ይታጠፋል። ፍላፑን የሚያወርደው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለ የእጅ ፓምፕ ነው፤ አብራሪው እንደ መኪና ክሪክ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዘይቱ ተገፍቶ ፍላፑ የተፈለገው ቦታ ላይ ይቆማል። ኤሌክትሪክ የለበትም፤ ሊቃጠል የሚችል ሞተር የለበትም። ፍላፑ ሲወርድ በጫፍ በኩል ያሉት መቆጣጠሪያዎች፣ አይለሮኖቹም፣ አብረው ጥቂት ዝቅ ይላሉ፤ ስለዚህ ክንፉ በሙሉ ርዝመቱ ተጎንብሶ አየሩን ይይዛል። በዚህ ብልሃት ቢቨር ሙሉ ጭነቷን ይዛ፣ 2,300 ኪሎ ግራም ገደማ ከብዳ፣ በባሕር ወለል ከፍታ 310 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ተነሥታ 15 ሜትር ከፍታ ያለውን መሰናክል ታልፋለች። የፍጥነቷ ዝቅታ ደግሞ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይሁንና ሚኤሶ የባሕር ወለል አይደለችም። ቆላው ራሱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ላይ ሐሩሩ አየሩን ያሳሳዋል። በሳሳ አየር ክንፍ የሚይዘው ያንሳል፤ ሞተርም የሚተነፍሰው ያንሳል። ወደ ጭሮ፣ ወደ ሂርና፣ ወደ ገለምሶ ከፍ ሲባል ችግሩ ይብሳል። እዚህ ላይ ነው የቢቨር ልብ የሚታየው። ንድፏ ሲጀመር የታሰበላት የደ ሃቪላንድ የራሱ ሞተር 330 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ይህ አነሰ ተብሎ በፕራት ኤንድ ዊትኒ ዋስፕ ጁኒየር ተተካ፤ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ዘጠኝ ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። ክንፏም ለዚህ ጉልበት እንዲመጥን ተደርጎ ሰፋ። ሞተሩ ከኋላው አየር የሚጨምቅለት ማሽከርከሪያ ስላለው እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ ገደማ 400 የፈረስ ጉልበት ሳይጎድልበት ይሠራል። ለካናዳ ሐይቆች የተመረጠ ሞተር ለሐረርጌ ቆላ ልክ ሆኖ መገኘቱ ድንገት አይደለም። አብራሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ትርፍ ጉልበት ነበር፤ ትርፍ ጉልበት ደግሞ በቀዝቃዛውም በሞቃቱም አገር ጉልበት ነው።

ሞተሩን ከፊት ቆሞ ያየ ሰው ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይችላል። የአየሩ መግቢያ ክብ ነው፤ የእያንዳንዱ ቴስታ ክንፍክንፍ ብረት ነፋሱን በእኩል ይቀበላል። የራዲያተር ውሃ የለም፤ የሚያፈስ የውሃ ቱቦ የለም። ሽፋኑ ሲነሣ መካኒኩ ሻማዎቹን፣ ማግኔቶዎቹንና የዘይት ማጣሪያውን በቀላሉ ይደርስባቸዋል። ሞተሩን ካነሣን ደግሞ የአብራሪው ክፍል ውስጥ ያለው አንድ ቢጫ ክዳን ይጠቀሳል። በቀኝ ወንበር በኩል፣ ከእግር አጠገብ የሚገኝ የሞተር ዘይት መሙያ ነው። በበረራ ላይ እያሉ ዘይት መጨመር ይቻላል። ክብ ሞተር ዘይት ይበላል፤ በሰሜን ካናዳ ቅዝቃዜ ደግሞ መሬት ላይ ወጥቶ ዘይት መጨመር ጣት የሚያስቆርጥ ሥራ ነበር። ያንን ብርድ የቀመሱ ሰዎች ስለነገሯቸው ንድፍ አውጪዎቹ መሙያውን ወደ ሙቀቱ አስገቡት። እዚህ ደግሞ ጠዋትና አመሻሽ የሚረጭ አብራሪ ዘይቱን ለማየት ሞተር ማጥፋት አይገደድም።

የነዳጁ አቀማመጥም እንደዚሁ ነው። ብዙ አውሮፕላኖች ነዳጃቸውን በክንፋቸው ይይዛሉ፤ ለመሙላትም ክንፍ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። የቢቨር ዋና ሦስት ታንኮች ከወለሉ ሥር፣ ፊት፣ መሃልና ኋላ ተደርድረዋል። መሙያዎቹ በግራ በኩል፣ ሰው መሬት ላይ ቆሞ በሚደርስበት ቁመት፣ ከአንዲት ትንሽ በር ኋላ ተሰልፈዋል። መሰላል በሌለበት ማኮብኮቢያ፣ ነዳጅ በበርሜል መጥቶ በእጅ ፓምፕ በሚቀዳበት ቦታ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሥራውን ይጨርሳል። መሪዋም አንድ ነው፤ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ ሲፈለግ ግን መሪው ተገልብጦ ወደ ቀኙ ወንበር ይዞራል። አስተማሪና ተማሪ፣ ወይም ሲደክማቸው የሚተካኩ ሁለት አብራሪዎች፣ ያለ ሁለተኛ መሪ ክብደት ይሠራሉ።

በሩ ደግሞ የጠቅላላው ሐሳብ ማሳያ ነው። ወርዱ የተለካው በነዳጅ በርሜል ነው። አብራሪዎቹ በርሜል እያንከባለሉ ጭነው ስለሚኖሩ በርሜሉ እንዳለ ተንከባሎ እንዲገባ ተደርጎ ተቆረጠ። ይህች ስፋት ናት ኋላ ላይ ቢቨርን ለሌላ ሥራ ያዘጋጀቻት። በርሜል የሚገባባት ክፍል የመድኃኒት ታንክ ይገባባታል፤ ከዚህ ታንክ ወጥቶ ከክንፍ ሥር ወደተሰቀለው መርጫ የሚሄደው ቱቦም መንገድ ያገኛል። በዚህ መንገድ የጭነት አውሮፕላን የእርሻ ጠባቂ ሆነች።

ከክንፏ ሥር የሚታየው መርጫ ራሱን የቻለ ድንቅ ሥራ ነው። ማይክሮኔር ይባላል፤ የፈጠሩት ኋላ ላይ አይላንደር የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን የሠሩት እንግሊዛውያን ጆን ብሪተንና ዴዝሞንድ ኖርማን ናቸው። የሽቦ ወንፊት የሆነ ሲሊንደር ነው፤ ፊቱ ላይ ትንንሽ ውልብልቢቶች አሉት። አውሮፕላኗ ስትበር ነፋሱ ውልብልቢቱን ያዞረዋል፤ ወንፊቱም በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ይሽከረከራል፤ ውስጡ የሚገባው መድኃኒት በወንፊቱ ተቆራርጦ ይወጣል። አሁን የሚያስደንቀው ብልሃት ይኸውና፦ የውልብልቢቶቹ አንግል በብሎን ይስተካከላል። አንግሉ ሲቀየር የመሽከርከሪያው ፍጥነት ይቀየራል፤ ፍጥነቱ ሲቀየር የጠብታው መጠን ይቀየራል። መካኒኩ በቁልፍ ብሎኑን አላልቶ፣ ውልብልቢቱን ከሩብ ዙር ባነሰ አዙሮ፣ ለአንበጣ የሚሆነውን ጠብታ ያወጣል። ጠብታው ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ገደማ ማለት ነው።

ጠብታው ለምን ይህን ያህል አነሰ? አንበጣን ለመግደል ብዙ ፈሳሽ አያስፈልግም። ፈሳሹ በውሃ ሳይበረዝ በሄክታር ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ይረጫል። ትልቅ ጠብታ ወዲያው መሬት ይወድቃል፤ እጅግ ያነሰ ደግሞ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። መካከለኛው ጠብታ በነፋሱ ተንሳፍፎ ከዕፅዋቱና ከአንበጣው ገላ ላይ ያርፋል። አብራሪው ስለዚህ ነፋሱን በጎን ተቀብሎ፣ ከዕፅዋቱ በላይ 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ጠብቆ ቀጥ ብሎ ይበርራል፤ ከዚያ ተመልሶ ቀጣዩን መስመር ይይዛል። እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ግሎ አየሩ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ጠብታውም አብሮ ይነሣል፤ ስለዚህ የአንበጣ ሥራ የጠዋትና የአመሻሽ ሥራ ነው። ግሪሳ ላይ ደግሞ የሚዘመተው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ወፎቹ በግራር ቁጥቋጦ ወይም በወንዝ ዳር ሸንበቆ ሰፍረው ሲጨርሱ ነው። ለዚህ የሚውለው መድኃኒት ፌንቲዮን ነው፤ ለሌሎች ወፎችም አደገኛ በመሆኑ መስመሩን መሳት ጉዳት አለው። ንብ በሚታነብበት ቀበሌ፣ ከብት በሚጠጣበት ምንጭ አጠገብ ያልተስተካከለ መርጫ በደል ነው። የማሽኑ ትክክለኛነት ስለዚህ የሥነ ምግባርም ጉዳይ ነው፤ ሩብ ዙሩን በጥንቃቄ የማያዞር መካኒክ የተሳካ ሥራ ሠራ አይባልም።

ቢቨር በአንድ መልክ ብቻ አልቀረችም። ማርክ 1 የተባለችው ዋናዋና በብዛት የተሠራችው ናት። ማርክ 2 ዋስፕ ጁኒየር ወርዶ አልቪስ ሊዮናይደስ የተባለ የእንግሊዝ ሞተር የተገጠመላት ነበረች፤ አንዲት ብቻ ተሠርታ ቀረች። የእንግሊዝ ጦርም ቢሆን በመጨረሻ የመረጠው ዋስፕ ጁኒየር ያላትን ነው። የአሜሪካ ጦር ከ900 በላይ ገዝቶ ኤል 20 ብሎ ሰየማት፤ ኮሪያ ላይ መልእክተኛ፣ ቁስለኛ አንሺና የአዛዦች መመላለሻ ነበረች። ማርክ 3 ግን የዘመን ለውጥ ምልክት ናት። በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. የበረረችው ይህችው ተርቦ ቢቨር ፒ ቲ 6 የተባለውን የጋዝ ተርባይን ሞተር ተሸክማለች። ተርባይኑ ከክቡ ሞተር እጅግ ቀሎ ብዙ ጉልበት ስለሚሰጥ ሚዛኑ እንዳይዛባ አፍንጫዋ ረዘም ብሎ ተሠራ፤ አካሏም ረዘመ፤ ጅራቷም ተለወጠ። 60 ተሠሩ። ሁሉም መልኮች ተደምረው እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ ከ1,600 በላይ ቢቨሮች ከዳውንስቪው ወጥተዋል።

የዚህችን ትንሽ አውሮፕላን ዘር በሐረርጌ ሰማይ ዛሬም ማየት ይቻላል። ከቢቨር ቀጥሎ ኦተር፣ ከኦተር ቀጥሎ በግንቦት 1957 ዓ.ም. የበረረችው ሁለት ሞተር ያላት ትዊን ኦተር መጣች፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአገር ውስጥ መስመሩ በትዊን ኦተር ሠርቷል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አየር መንገዱ በኪው 400 ይበርራል፤ ይህም የተወለደው ከዚያው ዳውንስቪው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ በውልብልቢት በሚሄድ አውሮፕላን ተቀምጦ የጨርጨርን ተራሮች ከላይ ሲያይ፣ የተቀመጠበት አውሮፕላን የቢቨር የልጅ ልጅ ነው። ፒ ቲ 6 ሞተርም ቢሆን ዛሬ በዓለም ላይ በብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይሠራል።

ቢቨር ጉድለት የላትም አልልም። የኋላ ጎማ ስላላት መሬት ላይ አፍንጫዋ ይነሣል፤ አብራሪው ከፊቱ ያለውን አያይም፣ ወደ ግራና ቀኝ እየተመለከተ ይነዳል፤ በጎን ነፋስ ሲያርፍ እግሩ አንድ ጊዜ ቢዘነጋ ትሽከረከርበታለች። ነዳጁ ከተሳፋሪው እግር ሥር መሆኑ ለመሙላት ቢመችም በአደጋ ጊዜ ያሠጋል። በሰዓት 90 ሊትር ገደማ የምትጠጣው አቭጋስ የተባለውን ልዩ ቤንዚን ነው፤ ይህ ነዳጅ ከዓመት ዓመት እየጠፋ፣ እየተወደደ ሄዷል። ለዚህ ነው ብዙ ረጪዎች ከነጭ ጋዝ የሚቀራረበውን የጄት ነዳጅ ወደሚጠጡ ተርባይኖች የዞሩት። ደግነቱ ቢቨር ከዕድሜ ጋር ወድቃ አልቀረችም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የንድፉ መብት በቫይኪንግ ኤር እጅ ገብቶ መለዋወጫ መሠራቱ ቀጠለ፤ ዛሬ ድርጅቱ የደ ሃቪላንድን ስም መልሶ ይዟል። ከ70 ዓመት በፊት የተሠራ ብረት ዛሬም ጠጋኝ አለው።

ስለዚህ ከቢቨር የምንማረው የአውሮፕላን ነገር ብቻ አይደለም። በምዕራብ ሐረርጌ ማሽላ የሚወቃ ማሽን፣ ጫት ማሳ የሚያጠጣ ፓምፕ፣ ገበሬ ጀርባ ላይ የሚታዘል መርጫ ዛሬም ከሌላ አገር ተገዝቶ ይመጣል። ብዙው የገበሬውን ትከሻ፣ የተራራውን መንገድ፣ የመለዋወጫ እጦቱን ሳያውቅ የተሠራ ነው። የሚኤሶ ገበሬ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ለመሥራት የተነሣ መሐንዲስ፣ የሙያ ተቋምም ሆነ የገጠር ባለሙያ፣ ፓንች ዲኪንስ ያደረገውን ያድርግ፦ ወረቀት ከማንሣቱ በፊት ሄዶ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሳይቀንስ ይያዝ። በርሜሉን ይለካ፤ ዘይቱን የሚጨምረውን እጅ ይይ፤ ብሎኑን የሚያላላው ሰው ቁልፍ እንዳለው ያረጋግጥ። ቢቨርን ከ70 ዓመት በላይ በሰማይ ያቆያት ይህ ነው፤ ለእኛም መሣሪያ ረጅም ዕድሜ የሚሰጠው ሌላ አይሆንም።